የእትዬ ጉልበትና የማይገጥመው ደም

ሰመራ የገባሁት በክልሉ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤ ነው። ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ፣ ከደጋ ወጥቼ የማላውቅ ሰው ነበርኩና ከአውቶቡስ ወርጄ ሙቀቱ ፊቴን ሲገርፈኝ "እዚህስ ወር አልሞላም" ብዬ ነበር። ዓመታት ኖርኩበት። ለመኖሬ ትልቁ ምክንያት ደግሞ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው።

ሴትዮዋ ከዋናው አስፋልት ዳር ቁርስ ቤት ነበራቸው። ከጀርባው ካሉት ሁለት ክፍሎች በአንዱ ይኖራሉ፤ ሌላው ባዶ መሆኑን አንዲት የቢሮ ባልደረባዬ ነግራኝ ሄድኩ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና፣

"ክርስቲያን ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ደግ። ጾም ሲሆን ንገሪኝ፣ ድስት እለይልሻለሁ። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አልኳቸው።

እትዬ በልጅነታቸው ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተድረው ከወሎ አዋሽ የገቡ ናቸው። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ጣቢያው አጠገብ ለተሳፋሪ ሻይና አምባሻ ይሸጡ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ፣ የጂቡቲው መንገድ በመኪና እየተጨናነቀ፣ ሰመራም ከባዶ ሜዳ ላይ ገና እየተቆረቆረች ስለነበር አንዲት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ጂቡቲ አግብታ ስትሄድ እሳቸው ከምድጃቸው ጋር ቀሩ። ወደ ወደብ የሚወርዱትና ከወደብ የሚመለሱት ሹፌሮች ሁሉ የሚያውቋቸው "ማዘር" በሚል ስም ነበር። አንዱ ፉል፣ አንዱ እንቁላል ፍርፍር፣ አንዱ ወፍራም ሻይ ሲል እትዬ ሁሉንም ከአፉ ሳይወጣ ያውቁ ነበር።

ያኔ ጉልበታቸው ተበላሽቶ ነበር። ሁለቱም እግሮቻቸው ወደ ውጭ ተቀስተው፣ በተለይ ቀኙ አብጦ፣ ከምድጃው እስከ በሩ ድረስ ግድግዳ እየያዙ ነበር የሚሄዱት። ሶላት የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ታዲያ እንዴት ቆመው እንደሚውሉ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ነው ያየሁት፤ ሹፌሮቹ ከጂቡቲ የሚያመጡላቸው የሕመም ማስታገሻ ክኒን አለ። ገና ምግብ ሳይቀምሱ በሻይ ያወራርዱታል። ከሰዓትም ይደግሙታል።

"ይኼ ነገር አይጎዳዎትም?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ያቆመኝን እንዴት ይጎዳዎታል ትይኛለሽ?" አሉኝና ወደ መጥበሻቸው ተመለሱ።

አንድ ጠዋት እንቁላል እየሰበሩ ሳለ ዓይናቸው ጭልም አለና ምድጃው ጥግ ዝልፍልፍ ብለው ወደቁ። ሹፌሮቹ ተሸክመው መኪና ውስጥ አስገቧቸው፤ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ የዓይናቸውን ሽፋን ገልብጦ አየና "ደም የላቸውም እኮ" አለ። የጉልበታቸውንም ኤክስሬይ አስነሳ። ጉልበቱ በማስታገሻ የሚድን አልነበረም፤ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጭ ነበር። አዲስ አበባ ሄደው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስቀየር እንዳለባቸው ነገረን። "ግን ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው፣ ደም ይፈስበታል። መጀመሪያ ደም የሚሰጣቸው ሰው ይፈለግ" አለ።

ወሬው ሹፌሮቹ ዘንድ ሲደርስ የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። በማግስቱ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት የመንገዱ ዳር በተሳቢ መኪና ተሞላ። አፋሩ፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። አንድ ሸበቶ ሹፌር ነርሷን "የኔን ቅጂ፣ እኔ የማዘርን ፉል በልቼ ያፈራሁት ደም ነው" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እትዬ አልጋቸው ላይ ሆነው በመስኮት ሲያዩ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ግን የማንም ደም አልገጠመም። የእትዬ የደም ዓይነት ራሱ በቀላሉ የማይገኝ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ነበረበት። አዋሽ ሳሉ ልጃቸውን ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሷቸው የሌላ ሰው ደም ተሰጥቷቸው ነበር። ያ ደም ነፍሳቸውን አተረፈ፤ ሰውነታቸው ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ደም መቃወም ለመደ። ናሙናቸው አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ተመረመረ። አዋሽ ያሉት እህታቸውም ተመረመሩ። መልሱ አንድ ነው፤ አይስማማም። በስልክ ያናገርነው የአዲስ አበባው ሐኪም "መጠባበቂያ ደም ሳይኖረኝ እንዲህ ዓይነት ጉልበት ብከፍት በነፍሳቸው መጫወት ነው" አለን። እውነቱን ነው የተናገረው፤ አልፈረድንበትም።

እትዬ "አልሐምዱሊላህ፣ እስከዛሬም ቆሜያለሁ" ብለው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። ወደ ክኒናቸውም ተመለሱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪሞች ቡድን ከአዲስ አበባ ሰመራ መጥቶ ሕመምተኛ እያየ ነው ሲባል ሰማሁ። እትዬን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ባጃጅ ጠርቼ ወሰድኳቸው። የተቀበሉን ሐኪም አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠጉራቸው ከጎንና ከጎን የሸበተ ሰው ናቸው። እትዬን መጀመሪያ አልጋ ላይ አላስወጧቸውም። "እስኪ እናቴ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይሂዱልኝ" አሉና ራሳቸው ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው እግራቸው እንዴት እንደሚረግጥ ከሥር አዩ። እንደዚያ ያለ ሐኪም አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ የደም ምርመራውን አነበቡ።

"እናቴ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?"

እትዬ ከጉያቸው ክኒኑን አውጥተው ሰጧቸው።

"ማን አዘዘልዎ?"

"ጉልበቴ" አሉ እትዬ።

ሐኪሙ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰገራዎ ይጠቁራል?"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "በአላህ! ይኼ ምን ተብሎ ይጠየቃል?" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው "አዎ ይጠቁራል። ከክኒኑ መስሎኝ" አሉ።

"ከክኒኑ ነው እናቴ። የጠቆረው ደምዎ ነው። ክኒኑ ጨጓራዎን አቁስሎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያፈሰዋል። ደሙ እንዳይረጋም ያደርጋል። ሁሉም ሰው ለእርስዎ ደም ከየት ይምጣ እያለ ሲጨነቅ፣ የራስዎ ደም በጓሮ በር እየወጣ ነው።"

ሐኪሙ ወንበራቸውን ስበው ከእትዬ ጉልበት አጠገብ ተቀመጡና ሐሳባቸውን አስረዱን። የጉልበት ኦፕራሲዮን ደም ያፈሳል፤ ግን ምን ያህል እንደሚያፈስ በሐኪሙና በሕመምተኛው ጥንቃቄ ይወሰናል። ሕመምተኛዋ ደሟ ሞልቶ ከገባች፣ ሐኪሙም እያንዳንዷን ጠብታ ከተከታተለ፣ የሰው ደም ሳይነካ ሊያልቅ ይችላል። "አድርጌው አውቃለሁ" አሉ። "አልዋሽዎትም፣ ከተጠበቀው በላይ ከፈሰሰ የምንደገፍበት የለንም። ስለዚህ ደምዎ እኔ የምፈልገው ቦታ ሳይደርስ አልነካዎትም። ይህን ክኒን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አይወስዱም።"

"ታዲያ በምን ልቁም?" አሉ እትዬ።

"ያማል" አሉ ሐኪሙ። "ለደም የማያሰጋ ቀለል ያለ ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ። ግን እንደዚያኛው አያቆምዎትም። ያማል እናቴ።"

እትዬ ክኒኑን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። "ጣይው" አሉ።

እነዚያ ወራት ከባድ ነበሩ። ለጨጓራው ቁስል መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ደም የሚተካ የብረት ክኒንም ተሰጣቸው። ሻይ ከምግብ ጋር ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል ስለተባለ፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ የሚቀዱት ሴትዮ ራሳቸው ከምግብ ጋር የሎሚ ውኃ ጠጪ ሆኑ። ጉበት ይብሉ ተባለ። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና እኔ እየጾምኩ ከእስላም ሥጋ ቤት ጉበት እየገዛሁ እጠብስላቸው ነበር። መቅመስ ስለማልችል ጨው አበዛለሁ። እትዬ አንድም ቀን በዛ ሳይሉ ሙልጭ አድርገው ይበሉ ነበር። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው ሳቅ ብለው "እንግዲህ አሁን ምላስሽ ተመልሷል፣ ጨዉን እይልኝ" ያሉኝ።

ሕመሙ ግን ሳቅ አልነበረም። ከፍ ያለ በርጩማ አሠርተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ። ለመነሳት ሲሞክሩ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ከቢሮ ስመለስ ዙህር ሰግደው የጨረሱበት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ድምፅ የለም፤ እንባው ብቻ።

"እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ አንዲቷን ክኒን ላምጣልዎ?" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ጉበቱን እየጠበስሽ ያጠራቀምሽውን ደም ልታፈስሺው ነው?" አሉ። ከዚያ እጄን ያዙና "አብሽሪ፣ ያልፋል" አሉኝ። የታመሙት እሳቸው፣ የተጽናናሁት እኔ።

ከጂቡቲ የተመለሰ አንድ ሹፌር ነገሩን ሳይሰማ እንደ ልማዱ ክኒኑን ይዞላቸው ሲመጣም እዚያው ነበርኩ። ተቀበሉትና መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት። "አመሰግናለሁ ልጄ። አንተም እንዳትውጠው፣ ሐኪም ሳታናግር ለሚስትህም እንዳትሰጣት" አሉት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ።

ደማቸው ቀስ እያለ ሞላ። መጀመሪያ መዳፋቸው ቀላ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸው። ላቦራቶሪ በሄድን ቁጥር ውጤቱን ለሐኪሙ በስልክ እነግራቸዋለሁ። "ጥሩ ነው፣ ገና ነው" ይሉኛል። እንደገና "ጥሩ ነው፣ ገና ነው።" አንድ ቀን ግን "ይዘሻቸው ነይ" አሉኝ።

በሚኒባስ አዋሽ ድረስ ሄደን እህታቸው ቤት አደርን። እህታቸው እንደ እትዬ ፊታቸው ክብ ነው፤ አንደበታቸው ግን ስል ነው። እራት አቅርበው ራሳቸው ሳይበሉ ተቀምጠው እትዬን ያዩ ነበር።

"ደም የለም እያሏት እግሯን ልታስቆርጥ የምትሄድ ሴት አንቺን ብቻ ነው ያየሁ" አሉ።

"መቁረጥ አይደለም፣ መቀየር ነው" አሉ እትዬ።

"ይኼን ቤት ታስታውሽዋለሽ? ያን ጊዜ ስትወልጂ ደምሽ ወለሉን ሲሞላ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወላሂ ሁለተኛ አላይም።"

እትዬ ወደ እህታቸው ዞሩ። "እሱን ፈርተሽ ነው?" አሉ በዝግታ። "እኔም እሱን ፈርቼ ነው ዓመታት የተቀመጥኩት። ግን ይኼ ሐኪም ደሜን ከእኔ በላይ የሚሳሳለት ሰው ነው። አብረሽኝ ነይና እይው።"

እህትየው የእራቱን ሰሃን አንስተው ወጡ። ጠዋት ስንነሳ ግን ሻንጣቸውን አዘጋጅተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ሦስታችንንም አስቀምጠው የሚያደርጉትን ነገሩን። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ እንደሚሠሩ፣ ይህም ከሙሉ ሰመመን ይልቅ ደም ለመቆጠብ እንደሚያግዝ አስረዱ። ከመቁረጣቸው በፊት በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት አለ፤ የረጋውን ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ጭናቸው ላይ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ነገር ግን ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ይላላና የሚደማ ሥር ሁሉ አንድ በአንድ እየተፈለገ ይተኮሳል። "ተቻኩዬ አልዘጋም" አሉ። የእትዬ እህት ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"የራስዎ እናት ብትሆን ያደርጉታል?"

"ዛሬ ከሆነ፣ አዎ። ያኔ ሰመራ ሳያቸው ቢሆን ኖሮ፣ እናቴም ብትሆን አላደርገውም ነበር" አሉ ሐኪሙ።

በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት እትዬን በአልጋ ሲገፏቸው ወደ ኋላ ዞረው "ሹፌሮቹ ከደወሉ ማዘር ቆማ ትመጣለች በያቸው" አሉኝ። በሩ ተዘጋ። እህትየው መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ እኔ እመቤቴን ጠራሁ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በየሃይማኖታችን፣ አንድን ነገር ለመንን።

ረፋዱ ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ወጡ። የራስ ቆባቸው በላብ ረጥቧል። መጀመሪያ ያሉት "ደማቸው ውስጣቸው ነው" የሚል ነው። የፈሰሰው ካሰቡት ያነሰ እንደነበር፣ ማሰሪያውን አላልተው የደሙትን ሥሮች ሲፈልጉ ረዳቶቻቸውም ከእሳቸው ጋር ጎንበስ ብለው እንደቆዩ ነገሩን። የእትዬ እህት የሐኪሙን እጅ ያዙና ሊስሙ ሲሉ ሐኪሙ ቀድመው የእሳቸውን ሳሙ።

እትዬ ነቅተው ስለነበር ሁሉንም ሰምተዋል። "አናጢ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ" አሉን። "ይገዘገዛል፣ ይመታል። እሱ ግን ሲናገር ሕፃን ያስተኛ ይመስል ነበር። 'እዚች ጋ ትንሽ ትደማለች፣ ቆይ' ይላል። 'እዚችም ጋ' ይላል። አንዷ ረዳት 'ዶክተር፣ በቃ ደርቋል' ስትለው 'እንደገና እንይ' አላት። እኔም በሆዴ፣ ልጄ፣ እንደገና እይ፣ እንደገና እይ እል ነበር።"

በዚያው ቀን እግራቸው ከፍ ብሎ፣ በረዶ ተደርጎበት ዋለ። ደግሞም ደም እግር ውስጥ ተኝቶ እንዳይረጋ ቶሎ መንቀሳቀስ አለባቸው ተብሎ ከሰዓት በኋላ ነርሶቹ ደግፈው አቆሟቸው። እትዬ ገና ሲቆሙ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ቀኙ ቀጥ ብሏል። በኋላ ደም እየተወሰደ ሲመረመር ትንሽ ወርዶ አገኙት፤ ሐኪሙ ውጤቱን አንብበው "ይበቃቸዋል" አሉ። አንድም የደም ከረጢት አልተሰቀለም።

ሰመራ ስንመለስ የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ ነበር የሚሠሩት። በዚያ ሙቀት ጉልበት ማጠፍ ለጤነኛም ይከብዳል። እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ባጠፉና በዘረጉ ቁጥር "ሱብሃነላህ" ይላሉ። አልፎ አልፎ ሲያማቸው ድምፁ ከፍ ስለሚል ውጭ ሻይ የሚጠጡት ሹፌሮች ይሰሙታል፤ "ማዘር፣ በርቱ!" እያሉ ይጮኹ ነበር። በረዶ ከየሆቴሉ የሚያመጡትም እነሱ ናቸው። በግንባራቸው መሬት ላይ ለመስገድ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ሐኪሙ በአዲሱ ጉልበት መንበርከክ ለጊዜው እንደማይመክሯቸው ሲነግሯቸው ትንሽ ከፋቸው። "አላህ ወንበሩንም ያየዋል" ብለው ተዉት። ግራ ጉልበታቸውም ገና ያማቸዋል፤ እሱን ለማስቀየር ጊዜ አለኝ ይላሉ። ግድግዳ መያዝ ግን ቀረ።

ሐኪሙ በዓመቱ ገደማ ለሥራ ተመልሰው ሰመራ መጡ። እትዬ ሰምተው ቁርስ ካልበሉልኝ ብለው ላኩኝ። ይዣቸው ስመጣ ቁርስ ቤቱ በሹፌር ተሞልቶ ነበር። ማን እንደሆኑ ማንም ሳይናገር ቦታ ተለቀቀላቸው። እትዬ ራሳቸው የሠሩትን ፉል በአንድ እጃቸው፣ ዳቦውን በሌላው ይዘው፣ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው ድረስ በቀጥታ መጡና አቀረቡ። ወዲያው ሌላ ሹፌር ሻይ ጠራ፣ ሄዱ። ሌላው ሂሳብ ጠራ፣ ተመለሱ። ሐኪሙ ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

"ዶክተር፣ ፉሉ ቀዘቀዘ እኮ" አሉ እትዬ በአጠገባቸው ሲያልፉ።

"ይተዉኝ እናቴ" አሉ ሐኪሙ። "ትንሽ ልይዎት።"